ዶፍ ሲጥል የቴሌቪዥኑ ሥዕል ለምን ይጠፋል?

በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ከወልድያ በስተ ምዕራብ ያሉት ተራሮች ጠቁረው ነጎድጓዱ ማጉረምረም ሲጀምር፣ ዲሽ ባለበት ቤት ሁሉ ምን እንደሚከተል የታወቀ ነው። መጀመሪያ ሥዕሉ ይቆራረሳል፣ ድምፁ ይንተባተባል፤ ቀጥሎ «ኖ ሲግናል» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ወዲያው ከቤቱ ልጆች አንዱ ቆርቆሮ ላይ ወጥቶ ዲሹን ማዞር ይጀምራል። ይህ ሥራ ገንዘብም ሕይወትም ሊያስከፍል ይችላል። ደግሞስ ነገ ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ ዝናብ ሲመጣ ለምን ይጠፋል?» ቢለን «ደመና ጋርዶት ነው» ብለን ልናልፈው ነው? ደመና ብቻውንማ ይህን ያህል አያደርግም።

የቴሌቪዥን ሳተላይት ከምድር ወገብ 35,786 ኪ.ሜ. ከፍታ ላይ ሆኖ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር በአንድ ቦታ የቆመ ይመስላል። (ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጠቀችው የኢትዮጵያ ሳተላይት ለምድር ቅኝት የተሠራች ናት እንጂ ከቴሌቪዥናችን ጋር አትገናኝም፤ ብዙ ሰው ያደባልቃቸዋል።) ምልክቱ ያን ሁሉ መንገድ ያለ ችግር ይመጣና የሚመታው መጨረሻዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ላይ ነው። የቤት ዲሽ የሚቀበለው ሞገድ ከ10.7 እስከ 12.75 ጊጋኸርትዝ ሲሆን፣ ርዝመቱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። የዶፍ ጠብታ ደግሞ እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። እንዲህ ያለው ጠብታ ከሞገዱ ጉልበት ከፊሉን ይመጠዋል፣ ከፊሉን ይበትነዋል። የደመና ጠብታ ግን እጅግ ደቃቃ ስለሆነ ጉዳቱ ትንሽ ነው። በ4 ጊጋኸርትዝ ገደማ የሚሠሩት ግዙፍ ዲሾች ሞገዳቸው 7.5 ሳንቲ ሜትር በመሆኑ ዝናብ እምብዛም አይነካቸውም።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። በእኛ ሰማይ ከባሕር ጠለል 5,000 ሜትር ገደማ በላይ ያለው ውሃ በአብዛኛው በረዶ ነው፤ ደረቅ በረዶ ደግሞ ሞገዱን ብዙም አይጎዳም። ወልድያ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከበላያችን ያለው የዝናብ ውፍረት 3 ኪ.ሜ. ያህል ይሆናል። መርሳና የሀብሩ ቆላ ዝቅ ስለሚሉ ትንሽ ይጨምርባቸዋል። ኢትዮሳት የሚገኝበት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ከእኛ ሲታይ በደቡብ ምሥራቅ በኩል 65 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው፤ ምልክቱም ዝናቡን 3.3 ኪ.ሜ. ያህል ብቻ ያቋርጣል። 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ያለው ናይልሳት ግን ከአድማስ 35 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ስለሚል መንገዱ አግድም ነው፤ ከ5 ኪ.ሜ. በላይ ዝናብ ውስጥ ያልፋል። በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር የሚጥል ዶፍ በየኪሎ ሜትሩ ከምልክቱ ከመቶ 40 ያህሉን ይወስዳል። ዶፉ መንገዱን በሙሉ ከሸፈነው፣ ከመጀመሪያው ከአምስት አንድ እጅ ያህል ሲተርፍ ከሁለተኛው ከአሥራ አራት አንድ እጅ ያህል ቢተርፍ ነው። በዚያ ላይ ናይልሳትን የሚያይ ዲሽ ፊቱ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ተራሮቹ ነው። እኛ ግቢ ጠብታ ሳይወርድ ሥዕሉ የሚጠፋው፣ ዝናቡ እዚያ ማዶ መንገዱን ስለዘጋው ነው።

«ድሮ እኮ እየደበዘዘም ቢሆን ይታይ ነበር» የሚሉ ትልልቅ ሰዎች እውነታቸውን ነው። በአናሎግ ጊዜ ምልክት ሲደክም ሥዕሉ ነጠብጣብ እየለበሰ ይቀጥል ነበር። ዲጂታል ግን የጎደለውን በስሌት እየሞላ እስከ መጨረሻው ጥርት አድርጎ ያሳይና፣ ከወሰኑ በታች ሲወርድ ድርግም ይላል። ስለዚህ በመጠኑ ትልቅ ዲሽ መግዛት ዋጋ አለው፤ ከ60 ወደ 90 ሳንቲ ሜትር ሲኬድ የሚሰበሰበው ምልክት ከእጥፍ በላይ ያድጋል። ለከባዱ ዶፍ ግን እሱም ላይበቃ ይችላል።

ዲሽ ማዞሩ ለምን ከንቱ ሆነ? የ90 ሳንቲ ሜትር ዲሽ የሚያየው የሰማይ ክፍል 2 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ እጅን ዘርግቶ አውራ ጣት የሚሸፍነውን ያህል። በዶፍ ውስጥ ትክክለኛው ቦታም ምልክት ስለማይሰጥ፣ ያገኙትን እንኳ ማወቅ አይቻልም። ዝናቡ ሲያባራ ራሱ ይመለስ የነበረው ሥዕል ጠፍቶ ይቀርና ለሠራተኛ ይከፈላል። እርጥብ ቆርቆሮ ያንሸራትታል፤ መብረቅም አለ። ሰማዩ ሲጠቁር፣ ነጎድጓድ ሳይሰማ በፊት ሶኬቱንም የዲሹን ገመድም ከሪሲቨሩ መንቀል ይገባል፤ ነጎድጓድ መሰማት ከጀመረ በኋላ ግን ገመዱን መንካት አይገባም።

ዝናቡ ካባራ ሩብ ሰዓት አልፎ ሥዕሉ ካልተመለሰ፣ ያኔ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው፤ ነፋስ ዲሹን ገፍቶት ወይም ኤል ኤን ቢው ላይ በገመዱ መጋጠሚያ ውሃ ገብቶ ይሆናል። ቆርቆሮው ሲደርቅ ፈትቶ ማድረቅ፣ ከዚያም በፕላስተር አጥብቆ መጠቅለል ነው።