«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»፦ የበሬ እርምጃ ያለው ፊልም

ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ሲቀርፅ ገና በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ተማሪ ነበር። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1974 ነው፤ ንጉሣዊው ሥርዓት የወደቀበት ዓመት። ተማሪው ከጥቂት ሰዎች ጋር ወደ አገሩ መጥቶ ፊልሙን በትምህርት ቤት ዕረፍት በሁለት ሳምንት ገደማ ቀርፆ ጨረሰ። ቀረጻው በ16 ሚሊ ሜትር፣ በጥቁርና ነጭ ነው፤ ካሜራውን የያዘው ኤሊዮት ዴቪስ ነበር። ፊት ለፊት የምናያቸው ሰዎች ትወና ሙያቸው አልነበረም። ብዙ ጊዜ ይህ ሁሉ የሚነሳው «በዚያ እጥረት ይህን ያህል መሥራቱ ይደንቃል» ለማለት ነው። እኔ ግን ምስጋናው ከዚህ ማለፍ አለበት እላለሁ። የፊልሙ ዝግታና ድርቀት የድህነት ምልክት አይደለም፤ የገበሬውን ጉልበት በትክክለኛ ልኩ ለማሳየት የተመረጠ መንገድ ነው።

ለዚህ ጥሩው ማስረጃ ራሱ የፊልም ጥቅሉ ነው። ባለ 400 ጫማ የ16 ሚሊ ሜትር ጥቅል በመደበኛው ፍጥነት የሚያገለግለው ለ11 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ያለቀው ፊልም 150 ደቂቃ ይወስዳል፤ አንዲት ቅንጣት ባትባክን እንኳ አሥራ አራት ጥቅል ይፈልጋል ማለት ነው። የተቀረፀው ደግሞ በላብራቶሪ ታጥቦ እስኪወጣ ድረስ ምን እንደተያዘ አይታይም። እያንዳንዱ ደቂቃ ገንዘብ የሚበላ ነበር። እንዲህ የተቸገረ ሰው በተፈጥሮው መቆጠብ፣ ትዕይንቱን ማሳጠር ነበረበት። ኃይሌ ግን ያንን ውድ ፊልም ንጋት ላይ የሚነቃ ቤተሰብ፣ በቀንበር የተጠመደ በሬ፣ ከብት የምትጠብቅ ልጅ እያሳየ ያፈስሰዋል። ቆጣቢ ሰው በአንድ ነገር ላይ እጁን ሲፈታ ልቡ የት እንዳለ ይታወቃል።

ትረካው ቀላል ነው። ጭሰኛ ቤተሰብ አለ፤ ከደጁ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚቆጣጠራቸው፣ የሚቆጣቸው ባለመሬት አለ። መሬቱን የተነጠቀው ከበበ ደግሞ አካባቢው እንደ እብድ የሚያየው፣ ሌላው ያልደፈረውን እውነት የሚናገር ሰው ነው፤ መጨረሻ ላይ ባለመሬቱን የሚገድለውም እሱ ነው። በአንድ ሕልም ውስጥ ገበሬዎቹ ራሳቸው እንደ በሬ ተጠምደው ሲነዱ እናያለን። ከዚያ በፊት በሬዎቹን ረጅም ጊዜ ባናያቸው ኖሮ ይህ ሕልም መፈክር ብቻ ይሆን ነበር። እርሻውን ቀድመን በዓይናችን ስለደከምንበት ግን የቀንበሩ ክብደት ይሰማናል።

«ታዲያ ተመልካቹ ቢሰላችስ?» የሚል ሙግት ይነሳል፤ ተገቢም ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ቀላል አይደለም፤ ያለ ሙዚቃና ያለ ሁካታ የሚሄዱ ክፍሎቹ ትዕግሥት ይፈልጋሉ። ሆኖም አጥሮና ተጣድፎ ቢሠራ የሚጠቀመው ማን ነበር? ባለመሬቱ ከወንበሩ የሚያየው እርሻ ጠዋት ተጀምሮ ማታ የሚያልቅ ሥራ ብቻ ነው። ድካሙን የሚያውቀው እርፉን የያዘው ነው። ፊልሙ በፍጥነት ቢቆራረጥ ኖሮ እኛንም ከወንበሩ አጠገብ ያስቀምጠን ነበር። ሌሎች ደግሞ «ይህ አሜሪካ የተማረው አሠራር ነው» ይላሉ። ሙያውን እዚያ መማሩ እውነት ነው። ነገር ግን የኃይሌ አባት ገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው»ን የጻፉ አርበኛና የተውኔት ሰው ነበሩ፤ ልጁ ታሪክን በቃልና በመድረክ መንገር ቀድሞ የለመደው ጎንደር፣ ከቤቱ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ሙግት ግን ከእኛው አካባቢ፣ ከደቡብ ጎንደር የሚመጣው ነው። አንድ የሐሙሲት ወይም የደብረ ታቦር አዛውንት «እኛ በአባት በእናት ርስታችን አራሾች ነበርን፤ ይህ የደቡብ ጭሰኛ ታሪክ ነው» ቢሉ አልተሳሳቱም። በጎንደርና በጎጃም ጭሰኝነት እንደ ደቡቡ አልተስፋፋም ነበር። ግን ባለጉልት ከርስተኛው ግብር ይቀበል ነበር። ርስት የማይፈቀድለት ሙስሊም፣ ርስት አልባው ሸማኔና ቀጥቃጭም የሰው መሬት በእኩል ወይም በሲሶ ያርሱ ነበር። ስለዚህ ፊልሙ ለርስተኛው ልጅ የሚያሳየው የራሱን ቤት ሳይሆን የጎረቤቱን ነው፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ ያስፈልገው ይመስለኛል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ታወጀ። ፊልሙ ለዓለም የቀረበው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። የመሬት ጥያቄው በአዋጅ ተመለሰ ተብሎ ፊልሙ አልሞተም፤ በጣሊያን የቦሎኛ የፊልም ቤተ መዛግብት አድሶታል። የደቡብ ጎንደር ወጣቶች ግን ከኃይሌ ሥራዎች ይበልጥ የሚያውቁት የጣና ዳርን የሚያሳየውን «ጤዛ»ን ይመስለኛል። ደብረ ታቦር ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ አዳራሽና ፕሮጀክተር አለ። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እዚያ ይታይ፤ ከተመልካቾቹ መካከልም እርፍ ይዘው ያደጉ ይኑሩበት፤ ዝግታውን ከማንም በላይ የሚመዝኑት እነሱ ናቸውና።