በይፋግና በፎገራ ሜዳ የርዳታ አጠያየቅ፤ ስለ ወንፈል፣ ደቦና መቀናጆ

በወረታና በአዲስ ዘመን መካከል የምትገኘው ይፋግ በ19ኛው መቶ ዘመን ከጎንደር ወደ ጎጃም ለሚመላለሱ ነጋዴዎች ትልቅ ገበያና የቀረጥ በር እንደ ነበረች የታወቀ ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ልንመለከት ያሰብነው ገበያውን ሳይሆን በገበያ የማይገዛውን ነገር፣ ይኸውም የአገሩ ገበሬ ጉልበት ወይም በሬ ሲያንሰው ጎረቤቱን ርዳታ የሚጠይቅበትን ሥርዐት ነው።

ከከተማ የመጣ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ስም «ደቦ» ብሎ ያልፈዋል። ገበሬው ግን እንዲህ አይደባልቀውም። ወንፈል ብድር ነው፤ ዛሬ በእኔ ማሳ የዋልህበትን ቀን እኔ ደግሞ በአንተ ማሳ እመልሰዋለሁ፤ ቀን በቀን፣ ሰው በሰው ይቈጠራል። የታመመ ቢኖር ልጁን ወይም ሌላ ሰው በምትኩ ይልካል እንጂ ብድሩ አይቀርም። ደቦ ግን ሌላ ነው። ጠሪው እንጀራና ጠላ አዘጋጅቶ ብዙ ሰው ይጠራል፤ የተጠራውም በልቶ ጠጥቶ ሠርቶ ይሄዳል። ቀኑ እንደ ወንፈል አይቈጠርም፤ ነገር ግን ሲጠሩት የማይሄድ ሰው በሚጠራበት ጊዜ የሚመጣለት እንደማያገኝ ሁሉም ያውቃል።

እንግዲህ የጥያቄው እውነተኛነት የሚጀምረው ከስሙ ነው። ደቦ ብሎ ጠርቶ ድግሱን ያሳነሰ፣ ወይም ወንፈል ብሎ ወስዶ መመለሻው ሲደርስ ደቦ ነበር የሚል ሰው ጎረቤቱን አታሏል። ቀጥሎም የሥራው መጠን አለ። «አያ እገሌ፣ ማክሰኞ አረም አለብኝ፤ ሦስት ጥማድ ይሆናል» ያለ ሰው የተጠየቀው አስቦ እንዲመልስ ዕድል ሰጥቶታል። «ትንሽ ነገር አለችኝ» ብሎ አምስት ጥማድ ላይ የሚያሰልፍ ግን ለአንድ ቀን ሰው ቢያገኝም ለሚቀጥለው ክረምት አያገኝም። በአገራችን ሰው ጉዳዩን ከመናገሩ በፊት ስለ ጤና፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ ብዙ ይጠይቃል። ይህን አንዳንዶች እንደ መሸፋፈን ይቈጥሩታል፤ ለእኛ ግን እንደዚያ አይመስለንም። ሰላምታው የቱንም ያህል ቢረዝም ሦስቱ ጥማድ ሦስት ተብለው እስከ ተነገሩ ድረስ ጥያቄው ቅን ነው።

ከሁሉ ይልቅ ይህ ነገር የሚፈተነው በመቀናጆ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ እንደ እርሱ አንድ በሬ ካለው ጋር ተቀናጅቶ በተራ ያርሳል። እዚህ ላይ የሚጋሩት ጉልበት ብቻ ሳይሆን ንብረትም ነው። በሬው የሚራገጥ እንደ ሆነ፣ ቀኝ እንጂ ግራ መጠመድ ያልለመደ እንደ ሆነ፣ ወይም ከበሽታ ገና ያገገመ እንደ ሆነ ባለቤቱ አስቀድሞ መናገር አለበት። አለዚያ ጉዳቱ የሚደርሰው በባልንጀራው በሬ ላይ ነው፤ የአንድ በሬ ባለቤት ደግሞ በሬው ከሞተ ሌላ የለውም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ተረት ለሰው የተነገረ ቢሆንም ለጥማድም ይሠራል።

ርዳታ ተብሎ ግዴታ የሆነበት ጊዜም ነበር። በባለጉልት ሁዳድ ላይ ገበሬው የሚሠራው በፈቃዱ አልነበረም፤ ድግስ ቢኖርም ድግሱ ደቦ አያደርገውም። እምቢ ማለት የማይቻልበት ጥሪ ልመናም ጥያቄም አይባልም፤ ትእዛዝ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ባለመሬቱና ጭሰኛው የተሳሰሩበትን ግንኙነት አፈረሰው። ዛሬም ቢሆን ሰፊ ማሳ ያለው ሰው ደኻ ጎረቤቱን በደቦ ስም ሲጠራው ይኸው ጥያቄ ይነሣል።

በ1970ዎቹ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ርዳታ ሩዝ ወደ ፎገራ ገባ። ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት ለሌላ እህል የማይመቸው መሬት ለሩዝ ተስማማ፤ ከቀበሌ ስም የተነሣ ኤክስ ጅግና የተባለውም ዝርያ ታዋቂ ሆነ። ሩዝ ግን አረሙ አድካሚ ነው፤ ጊዜው ካለፈ ምርቱን ያሳንሰዋል፤ የሁሉም ማሳ በአንድ ሰሞን ስለሚደርስ ወንፈሉ ሁሉንም ማዳረስ ያቅተዋል። ስለዚህ የቀን ሠራተኛ መቅጠር ተለመደ። ይህን የምናነሣው ለመንቀፍ አይደለም። በግልጽ ተነጋግሮ የተከፈለ ደመወዝ ከተድበሰበሰ ደቦ ይሻላል።

ሩዝ ያመጣው ሌላም ነገር አለ። ስለ ጤፍና ስለ ጓያ አባት ለልጁ አስተምሯል፤ ስለ ሩዝ ግን የሚያስተምር አባት ስላልነበረ ገበሬው ዕውቀትን ራሱን ከጎረቤትና ከልማት ሠራተኛ መጠየቅ ግድ ሆነበት። ዕውቀት ሲጠየቅ ድግስ አያስፈልግም፤ እውነት መናገር ግን እንደ መቀናጆው ያስፈልጋል። የሩዙ ቅጠል ቢጫ ሆነብኝ ብሎ የመጣ ገበሬ እንበል። ቢጫነቱ ከናይትሮጅን ማነስ፣ ከውኃ አያያዝ ወይም ከበሽታ ሊመጣ ይችላል። ዘሩን ከየት እንዳገኘ፣ መቼ እንደ ዘራ፣ ውኃው ስንት ቀን እንደ ተኛበት፣ ዩሪያ ጨምሮ እንደ ሆነ ከተናገረ ተጠያቂው ከሦስቱ አንዱን ለመለየት መነሻ ያገኛል። ማዳበሪያውን ሸጦ «ጨምሬ ነበር» ያለ እንደ ሆነ ግን መካሪው ናይትሮጅኑን ከሐሳቡ አውጥቶ በሽታ ሲፈልግ ይቈያል፤ ሩዙም ቢጫ እንደ ሆነ አረሙ ይደርስበታል።