የባሌ ዳንስ ጫማ ገበያ እንዴት ያድጋል?

ካፔዚዮ የተባለው የአሜሪካ የዳንስ ጫማና ልብስ ድርጅት ከ1887 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መሥራቹ ሳልቫቶሬ ካፔዚዮ ከጣሊያን የመጣ ወጣት ጫማ ሰፊ ሲሆን፣ ሱቁን የከፈተው ኒው ዮርክ፣ ከሜትሮፖሊታን ኦፔራ ቤት አጠገብ ነበር። መጀመሪያ የመድረክ ጫማ ይጠግን ነበር፤ ቀስ በቀስ ወደ ባሌ ጫማ ዞረ። በ1910 ሩሲያዊቷ የባሌ ዳንሰኛ አና ፓቭሎቫ አሜሪካ ስትመጣ ለራሷም ለመላው ቡድኗም ጫማ ከእሱ ገዛች። ለአንድ ጫማ ሰፊ ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል?

ዳንሰኛዋ በጣቷ ጫፍ የምትቆምበት ጫማ ላዩ ሳቲን ነው። ጫፉ ውስጥ ግን ጨርቅና ወረቀት በሙጫ ተደራርቦ ደርቋል፤ ጣቶቿን ደግፎ የሚይዘው እሱ ነው። ላብና ክብደት ሲበዛበት ይለሰልሳል፤ ትልቅ ሚና የያዘች ዳንሰኛ በአንድ ምሽት ትርኢት አንድ ጥንድ ልትጨርስ ትችላለች። ለጫማ ሠሪው ኩባንያ ይህ የማይቋረጥ ሽያጭ ነው። ለወላጅ ግን ከባድ ወጪ ነው፤ አንዱ ጥንድ ብዙ ጊዜ ከ100 ዶላር በላይ ያወጣልና። በ1993 የተነሣው ጌይነር ሚንደን የተባለ ጫማ ሠሪ ገበያውን የሰበረው በዚሁ በኩል ነው፤ በወረቀትና በሙጫ ፈንታ ቶሎ የማይለሰልስ፣ የሚተጣጠፍ ሰው ሠራሽ ቁስ አስገባ።

ሌላው ለውጥ የቀለም ነው፤ እሱም እጅግ ዘግይቷል። የጫማው ቀለም ከቆዳ ጋር ሲመሳሰል እግር ሳይቆራረጥ እስከ ጣት ጫፍ ረዝሞ ይታያል። ይሁንና ሲሸጥ የኖረው ሮዝ ቀለም የሚመስለው የነጮችን ቆዳ ነው። ስለዚህ ጥቁር ዳንሰኞች ለፊታቸው የሚገዙትን ፋውንዴሽን በስፖንጅ እያነሱ ሳቲኑንና ሪባኑን ይቀቡ ነበር፤ ጫማው ባለቀ ቁጥር ደግሞ እንደገና። ጌይነር ሚንደን በ2017 ቡናማ ቀለሞችን አወጣ፤ የለንደኑ ጫማ ሠሪ ፍሪድ ደግሞ በ2018 ባሌ ብላክ ከተባለው የዳንስ ቡድን ጋር ተባብሮ የራሱን አቀረበ። ፍሪድ የተቋቋመው በ1929 ነው። ደንበኛ በገዛ እጁና በገዛ ገንዘቡ ሲያሟላው የኖረውን ጉድለት ለማየት ይህን ያህል ዘመን መፍጀት አልነበረበትም።

ጫማው ጥሩ ቢሆንም ገዢው ዘንድ መድረስ አለበት። የባሌ ውድድሮች የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነው። የስዊዘርላንዱ ፕሪ ደ ሎዛን ከ1973፣ የአሜሪካው ዩዝ አሜሪካ ግራንድ ፕሪ ከ1999 ጀምሮ ወጣት ዳንሰኞችን፣ አስተማሪዎችንና የባሌ ትምህርት ቤት ኃላፊዎችን በአንድ አዳራሽ ያሰባስባሉ። ውድድሮችን ስፖንሰር የሚያደርግ ኩባንያ ገንዘብ ወይም ለሽልማት የሚሆን ዕቃ ይሰጣል፤ በምላሹ ስሙ በመድረኩና በፎቶግራፎቹ ላይ ይታያል፣ ኮሪደሩ ላይም መሸጫ ቦታ ያገኛል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም፣ በእኔ ግምት፣ ያ ኮሪደር ነው። ጫማ የምታስለካው ባለሙያ ተንበርክካ ልጅቷን በጣቷ ጫፍ ታቆማታለች፤ ተረከዟ ላይ ያለውን ጨርቅ በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ ምን ያህል እንደሚተርፍ ታያለች፤ የት እንደሚያማት ትጠይቃታለች። አስተማሪዋ አጠገባቸው ቆማለች። ብዙ ተማሪ የሚገዛው አስተማሪው ያለውን ነውና አንዲት አስተማሪ ረካች ማለት አንድ ክፍል ሙሉ ደንበኛ ተገኘ ማለት ነው። ጫማው የሚያቆስል ከሆነም ወሬው በዚያው መንገድ ይሠራጫል፤ ያኔ ስፖንሰርነቱ ኩባንያውን አያድነውም።

ዋሽንግተንም ሆነ ለንደን ልጃችሁን ባሌ የምታስተምሩ ወላጆች፣ መድረኩ ላይ የተሰቀለውን ስም አይታችሁ አትግዙ፤ ልጅቷን ወስዳችሁ አስለኳት። «ታድግበታለች» ብሎ ሰፋ ያለ ቁጥር መግዛት ለትምህርት ቤት ጫማ ያስኬዳል፤ ለዚህኛው ግን አይሆንም። እግሯ ውስጡ ከተንሸራተተ ክብደቷ ሁሉ ጣቶቿ ላይ ይወድቃል።