ድልድይ አጠገብ ያደገ ጆሮ

ፒያሳን ከመርካቶ በሚያገናኘው በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ቆመው የሚያወሩ ሁለት ሰዎች ሳያስቡት ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። የታክሲ ረዳቱ ጥሪ፣ ጥሩምባው፣ የጭነት መኪናው ሞተር ፋታ አይሰጥም። በ1900 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትር በሆኑት በፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ስም የሚጠራው ይህ ሰፈር ጸጥታን የሚያውቃት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። በእንዲህ ያለ ሰፈር ያደገ ልጅ የትምህርት ቤቱ ላይብረሪ ሲገባ የሚቀበለው የመጀመሪያ ሕግ «ዝም በል!» የሚል ነው። ሕጉ አፉን ይዘጋለታል። ጆሮውንስ ማን ያስተምረው?

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ፍንጭ የተገኘው ኒውዮርክ ውስጥ፣ በአውራ ጎዳና አናት ላይ ከተሠሩ ረጃጅም የመኖሪያ ሕንጻዎች ነው። ሸልደን ኮኸንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጡት ጥናት፣ ለመኪናው ጩኸት ቅርብ በሆኑት የታችኞቹ ፎቆች ለዓመታት የኖሩ ልጆች ተቀራራቢ ድምፅ ያላቸውን ቃላት መለየት ከላይኞቹ ይልቅ ይቸግራቸው ነበር፤ ንባባቸውም ደካማ ነበር። የተመራማሪዎቹ ማብራሪያ ልጆቹ ጩኸቱን ለመቋቋም ሲሉ ድምፅን በጅምላ ችላ ማለት ለምደዋል የሚል ነው። ከጩኸቱ ጋር የመምህሯም ቃል አብሮ ይታለፋል ማለት ነው።

ጉዳዩን ወደ አማርኛ እናምጣው። «ወንድሜ መጣ» እና «ወንድሜ መታ» የሚለያዩት በአንዲት ተነባቢ ነው። ተነባቢዎች ከአናባቢዎች ያነሰ ጉልበት ስላላቸው ጩኸት ቀድሞ የሚውጠው እነሱን ነው። አዋቂ ሰው የተዋጠውን ድምፅ ካከማቸው የቃላት ስንቅ ይሞላዋል። የሰባት ዓመት ልጅ ስንቁ ገና ትንሽ ነው፤ በጫጫታ መሃል ንግግርን የመለየት ችሎታውም እስከ ጉርምስና ድረስ እየዳበረ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ትምህርት በሚሰጥበት ክፍል ውስጥ የሚሰማው የጀርባ ድምፅ ከ35 ዴሲቤል እንዳይበልጥ የመከረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ደግነቱ ጉዳቱ ይታረማል። እዚያው ኒውዮርክ ውስጥ በባቡር ሐዲድ አጠገብ በነበረ ትምህርት ቤት፣ በሐዲዱ በኩል ባሉ ክፍሎች የሚማሩ ልጆች በንባብ ወደ ኋላ መቅረታቸውን አርሊን ብሮንዛፍት እ.ኤ.አ. በ1975 አሳየች። ሐዲዱ ላይ ላስቲክ ተነጥፎ የክፍሎቹ ጣሪያ ድምፅ በሚውጥ ነገር ከተሸፈነ በኋላ በተደረገው ሁለተኛ ጥናት ልዩነቱ ጠፍቶ ነበር። ልጆቹን ማንም አልተቆጣቸውም።

የእኛ ላይብረሪዎችም ከዚህ ቢጀምሩ እላለሁ። የመጽሐፍ መደርደሪያውን በመንገዱ በኩል ባለው ግድግዳ መደርደር፣ ወፍራም መጋረጃ መስቀል፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ማንጠፍ፣ የትንንሾቹን ጥግ ከመስኮቱ ማራቅ ብዙ ወጪ የለውም። ቦታን ለልጆች አስቦ የማዘጋጀት ምሳሌም አለን፤ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሲከፍት፣ በሳን ፍራንሲስኮ በልጆች ላይብረሪያንነት ያካበተውን ልምድ ይዞ ነበር። ለልጆች ተብሎ የታሰበ ቦታ ያኔ በከተማው ብርቅ ነበር።

የላይብረሪው ሕግስ? «አትሩጥ» ከማለት «ቀስ ብለህ ተራመድ» ማለት ይሻላል። ትንሽ ልጅ የጀመረውን ነገር መግታት ይከብደዋል፤ በምትኩ የሚያደርገው ሲነገረው ግን ይቀለዋል። ፍጹም ዝምታን መጠየቅም ከተፈጥሮ ጋር መጣላት ነው። ጀማሪ አንባቢ ፊደሉን በከንፈሩ ካላነበነበ ቃሉ አይገጥምለትም። የቄስ ትምህርት ቤት ይህን ከጥንት ያውቀዋል፤ እዚያ ልጆች የሚያነቡት እየጮሁ ነው፣ የኔታም ከሁካታው መሃል የአንዱን ስሕተት ለይተው ያርማሉ። ላይብረሪ ውስጥ ከጩኸትም ከዝምታም መሃል ያለው ሹክሹክታ ለጀማሪዎቹ ሊፈቀድላቸው ይገባል።

ማዳመጥ በራሱ የሚለመደው ደግሞ በተረት ሰዓት ነው። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» የሚል መልስ መጠበቁ አድማጩን ከመነሻው ተራ ያስይዘዋል። ግሮቨር ዋይትኸርስት እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው ጥናት፣ ወላጆች እያነበቡ «ከዚያስ?»፣ «ይሄ ምን እያደረገ ነው?» እያሉ የጠየቋቸው ሕፃናት በአንድ ወር ውስጥ በንግግር ችሎታ ከእኩዮቻቸው ቀድመው ተገኝተዋል። መምህሯም በየሁለትና በየሦስት ገጹ መጽሐፉን ጣቷ ላይ አጥፋ ብትጠይቅ፣ ማን ሲያዳምጥ እንደነበረና ማን ዝም ብሎ ብቻ እንደተቀመጠ ወዲያው ታውቃለች።