የሞተር ቺንጋ ከተለወጠ በኋላ ስለሚሰማ ድምፅ

ባለ ጥርሱ የሞተር ቺንጋ ሥራው፥ ክራንክ ሻፍት 2 ጊዜ ሲዞር ቫልቭ ከፋቹ ካም ሻፍት 1 ጊዜ እንዲዞር ማድረግ ነው። ቺንጋው ተለውጦ ሞተሩ አዲስ ድምፅ ሲያሰማ ብዙዎች «ሲለምድ ይተወዋል» ይላሉ፤ ይህ ግን ሞተር የሚያስበላ ምክር ነው። ነዳጅ ሲረገጥ እየቀጠነ የሚሄድ ፉጨት ከሆነ፥ ወይ ቺንጋው ከልክ በላይ ተወጥሯል፥ ወይ የመወጠሪያው ኩሽኔታ አርጅቷል። ሽፋኑን እየጠፈጠፈ የሚመታ ከሆነ ላልቷል። ብረት ከብረት የሚጋጭ ኳኳታ ከተሰማ ግን ሞተሩ በዚያው ቅጽበት ይጥፋ! ቺንጋው ጥርስ ስቶ ገብቶ እንደ ሆነ፥ በብዙ ዓይነት ሞተሮች ፒስተን ቫልቭን መትቶ ያጣምመዋልና። ከዚህ በኋላ ሞተሩን ደግሞ ማስነሣት ሳይሆን፥ ክራንክ ሻፍቱን በመፍቻ ቀስ ብሎ 2 ሙሉ ዙር አዙሮ ምልክቶቹ በየቦታቸው መመለሳቸውን ማየት ያስፈልጋል፤ በመካከሉ አልዞርም ብሎ ቢይዝ በኃይል መግፋት አይገባም።