የኅዳር ውርጭ ከወዴት ይመጣል?

 

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ብርድ ነው። «ስለ ብርድማ ምን ትነግሩናላችሁ? እኛው የምንኖርበት አይደለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። የደጋን ብርድ ከደጋ ሰው የበለጠ የሚያውቀው የለም። ነገር ግን ብርዱ በየትኛው ሌሊት እንደሚከፋ፣ ከማሳውም የትኛውን ወገን አስቀድሞ እንደሚመታ ማወቅ ሌላ ነገር ነው። ይህን ያወቀ ሰው የጎመን ችግኙን ያድናል። ልጆቹንም ያድናል። ወደ ልጆቹ ጉዳይ በኋላ እንመጣለን።

ለምሳሌ እንዲሆነን ደብረ ብርሃንን እንውሰድ። ደብረ ብርሃን የሰሜን ሸዋ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ ከ2,800 ሜትር ጥቂት ያልፋል።

እስቲ በኅዳር ወር ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ከቤት ውጡ። ሣሩ ነጭ ነው። ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ይህ ነጭ ነገር አመዳይ ይባላል። ስትረግጡት ከእግራችሁ ሥር ይንኮሻኮሻል። ደጅ ባደረው ሳፋ ውሃ ላይ እንደ መስታወት የሳሳ በረዶ ተጋግሯል። በጎቹ ከጉረኗቸው ሲወጡ ትንፋሻቸው ጭስ ይመስላል። ሰው ባናውን ወይም ጋቢውን ተከናንቦ ዓይኑ ብቻ ይታያል።

3 ሰዓት ሲሆን ነጩ ነገር ጠፍቷል። 6 ሰዓት ሲሆን ደግሞ ፀሐይዋ ፊት ትጠብሳለች። በዚያች ሰዓት አንዱ ሰው ፀሐይ ላይ በሸሚዝ ተቀምጦ «ሞቀኝ» ይላል። ሌላው አምስት እርምጃ ራቅ ብሎ ጥላ ሥር ቆሞ «በረደኝ» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ቀን ሙቀቱ ወደ 20 ዲግሪ ይጠጋል። ሌሊት ግን አንዳንዴ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ዜሮ ዲግሪ ማለት ውሃ በረዶ የሚሆንበት ልክ ነው።

ታዲያ ለምን እንዲህ ይሆናል?

የመጀመሪያው ምክንያት ከፍታው ነው። «ተራራ ለፀሐይ ይቀርባል፤ እንዴት ይበርዳል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ፀሐይ ግን እጅግ ሩቅ ናት። ከእኛ እስከ እርስዋ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ከዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ሦስት ኪሎ ሜትር ሽቅብ መውጣት ምንም አይደለም። ነገሩ ያለው በአየሩ ነው። ወደ ላይ በወጣን መጠን አየሩ እየሳሳ ይሄዳል። በደብረ ብርሃን ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ጋር ሲመዘን ከአሥር እጅ ሦስቱ ያህል ይጎድለዋል። አየር ወደ ላይ ሲወጣ ይሰፋል። ሲሰፋም ይቀዘቅዛል። የብስክሌት ጎማ ሲያስተነፍሱ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። በቀዳዳው የሚወጣው አየር ጣት ላይ ሲያርፍ ቀዝቃዛ ነው። ታፍኖ የነበረው አየር በመስፋቱ ነው የቀዘቀዘው።

በጠቅላላው 1,000 ሜትር ሽቅብ ስንወጣ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። የደብረ ብርሃን ሰው ጣርማ በርን ተሻግሮ ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ጋቢውን አውልቆ ክንዱ ላይ የሚይዘው ለዚህ ነው። ከሸዋ ሮቢት በዚያው ቀን በሸሚዝ የመጣ እንግዳ ግን ሲመሽበት ያሳዝናል።

ነገር ግን እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ተራራው በሐምሌም ያው ተራራ ነው። ከፍታው አይጨምርም፤ አይቀንስም። ታዲያ በሐምሌ ሣሩ ነጭ ሆኖ የማያድረው ለምንድን ነው? እንግዲህ ሁለተኛው ምክንያት እዚህ ላይ ይመጣል።

መሬት ቀን ከፀሐይ ሙቀት ትቀበላለች። ሌሊት ደግሞ ያንኑ ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቃለች። ሙቀቱ ለዓይን አይታይም። እጃችሁን ወደ ጋለ ምጣድ ጠጋ ስታደርጉ ሳትነኩት እንደሚሰማችሁ ሙቀት ያለ ነው። በክረምት ሰማዩ በደመና የተሸፈነ ነው። ደመናው ከመሬት የወጣውን ሙቀት ይይዝና ብዙውን መልሶ ወደ ታች ይልከዋል። ደመና ለመሬት ባናዋ ነው ማለት ይቻላል። መስከረም ካለፈ በኋላ ግን ዝናብ ያመጣልን የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ይመለሳል። በፋንታው ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ ደረቅ ነፋስ ይነፍሳል። ደመናው ይበተናል። የመፀው ሰማይ ይጠራል፤ ኮከቡ ሁሉ ይወጣል። መሬት ያለ ባና ታድራለች ማለት ነው። ሌሊቱም ከቀኑ ጥቂት ረዘም ይላል። (ከተማዋን በ15ኛው መቶ ዓመት የቆረቆሯት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። ስሟም በሰማይ ላይ ከታየ ብርሃን የወጣ ነው ይባላል። እንዲህ ባለ ጥርት ያለ ሰማይ ሥር ስሙ ይስማማታል።)

ይህን በቃል ብቻ እንድትቀበሉን አንፈልግም። ራሳችሁ ሞክሩት። ሁለት ሳህን ውሰዱና እኩል ውሃ ጨምሩባቸው። ከሁለቱም ሥር ገለባ አንጥፉ። አንዱን ምንም ጣሪያ በሌለበት ደጅ አስቀምጡት። ሁለተኛውን በቤታችሁ ታዛ ሥር አኑሩት። ውርጭ በጣለ ሌሊት ጠዋት ተነሥታችሁ ስታዩ የደጁ ሳህን በረዶ ይዟል። የታዛው ሳህን ብዙውን ጊዜ ውሃ እንደሆነ ያድራል። ብርዱን ያመጣው ነፋስ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም እኩል በቀዘቀዙ ነበር። ልዩነታቸው ታዛው ነው። ታዛው ለሳህኑ ደመና ሆነለት።

ሦስተኛው ነገር፣ ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር ይከብዳል። ስለዚህ እንደ ውሃ ይፈስሳል። ተዳፋቱን ይዞ ቀስ ብሎ ይወርድና ጎድጓዳ ቦታ ሲያገኝ ይተኛል። በአንድ ገበሬ ማሳ ውስጥ እንኳ ታችኛው ወገን ጠቁሮ ላይኛው አረንጓዴ እንደሆነ የሚታየው ለዚህ ነው። ከማሳው በታች ጥቅጥቅ ያለ አጥር ካለ ደግሞ ይብሳል። አጥሩ እንደ ግድብ ሆኖ ቀዝቃዛውን አየር ያቁረዋል። አጥሩን በአንድ በኩል ከፈት ብታደርጉለት ወርዶ ይሄዳል።

የተኛውን አየር በዓይናችሁ ማየት ትፈልጋላችሁ? ኅዳር ሲታጠን ተመልከቱ። በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሰው ከፈጀው የኅዳር በሽታ ጋር የሚያያዝ ልማድ ነው፤ ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል። ማለዳ ላይ ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ አይወጣም። ከጣሪያ ጥቂት ከፍ ይልና እንደ ተዘረጋ አንሶላ ተንጣሎ ይቀራል። ቀዝቃዛው አየር ከታች፣ ሞቅ ያለው ከላይ ስለሆነ ነው። ጭሱ ያንን ድንበር አያልፍም። ደረት የሚያመው ሰው በዚያች ሰዓት ቤት ቢቆይ ይሻለዋል።

እንግዲህ ውርጭ የሚጥልበትን ሌሊት አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። ፀሐይ ስትጠልቅ ወጥታችሁ እዩ። ሰማዩ ጥርት ካለ፣ ነፋሱም ከቆመ፣ አየሩም ደረቅ ከሆነ ውርጭ ጠብቁ። ነፋስ ሲነፍስ «ዛሬስ ውርጭ ሊጥል ነው» የሚሉ አሉ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ነፋስ የታችኛውን ብርድ ከላይኛው ሙቀት ጋር ያደባልቀዋል። ነፋስ ያለበት ሌሊት ሰውን ያንቀጠቅጣል፤ ቡቃያን ግን ያተርፋል። የሚከፋውም ሰዓት እኩለ ሌሊት አይደለም። መሬት ፀሐይ እስክትወጣ ድረስ ሙቀቷን ስትለቅ ስለምታድር የሚከፋው ሊነጋጋ ሲል ነው።

ማታ ደመና ቢመጣስ? ለውርጭ እፎይ ትላላችሁ። ነገር ግን አዝመራው ታጭዶ ሜዳ ላይ ከሆነ ደመናው ያለ ወቅቱ የሚጥል ዝናብ ሊያመጣ ይችላል። የኅዳር ገበሬ ሰማዩ ቢጠራም ሥጋት፣ ቢጠቁርም ሥጋት አለበት።

ውርጭ ቡቃያን የሚገድለው እንዴት ነው? በቅጠል ውስጥ ውሃ አለ። ውሃው በረዶ ሲሆን ቅጠሉ የተሠራባቸው ጥቃቅን ክፍሎች ይጎዳሉ። ጠዋት ፀሐይ ሲያገኘው ቅጠሉ የተቀቀለ መስሎ ይዝለፈለፋል። ከዚያ ይጠቁራል። ባቄላ በአበባው ወይም በለጋ ቆባው ሳለ ከተመታ ጉዳቱ ከባድ ነው። የገብስ ደግሞ አታላይ ነው። ፍሬው ገና በወተቱ ሳለ ውርጭ ከመታው ዛላው ቆሞ ይቀራል። ከሩቅ ሲያዩት የደረሰ ይመስላል። ሲወቁት ግን ገለባ ነው። የዓመት ቀለብ የሚጠፋው በአንዲት ሌሊት ነው። ደርቆ የጠነከረ ፍሬን ውርጭ ብዙም አያደርገውም። ስለዚህ ቶሎ የሚደርስ ዘር መምረጥና በጊዜ መዝራት ከሁሉም ይበልጣል። ባቄላውንም ከረባዳው ይልቅ ተዳፋቱ ላይ መዝራት ይሻላል።

ሰፊ ማሳን ማልበስ አይቻልም። የጓሮ መደብን ግን ይቻላል። የጎመንና የሽንኩርት ችግኝ ያለው ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ በገለባ ወይም በጆንያ ይሸፍነው። ከመሸ በኋላ መሸፈን ዋጋው ትንሽ ነው፤ ሙቀቱ ሄዷልና። ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ይገለጥ። ቀን ላይ መደቡን ውሃ ማጠጣትም ይረዳል። እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር ይልቅ ሙቀት ይዞ ያድራል።

ጭስ ማጨስስ? በብዙ አገር የተለመደ ነው። እውነቱን ለመናገር ጭሱ ራሱ የሚያደርገው ነገር ጥቂት ነው። ከመሬት የሚወጣው ሙቀት በጭስ መሐል ያልፋል። የሚጠቅመው የእሳቱ ሙቀት ነው። ስለዚህ አንድ ትልቅ እሳት ከማንደድ በመደቡ ዙሪያ ብዙ ትንንሽ እሳት ማንደድ ይሻላል። እርጥብ ቅጠል እየጨመሩ ዓይን ማስለቀስ ግን ድካም ነው።

አሁን ወደ ሰው እንመለስ።

የመንዝ ባናና በርኖስ የሚያሞቁት ሱፉ እሳት ስላለው አይደለም። በሱፉ መሐል ተይዞ የሚቀረው አየር የገላችንን ሙቀት እንዳይሄድ ያግደዋል። ስለዚህ አንድ ወፍራም ልብስ ከመልበስ ሁለት ሦስት ስስ ልብስ መደራረብ ሊበልጥ ይችላል። የረጠበ ልብስ ግን ወዲያው ይውለቅ። አረቄ ያሞቃል የሚባለውም ስሜቱ ብቻ ነው። ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚያወጣው ፊት ይግላል፤ የገላው ሙቀት ግን በዚያው ይሸሻል። ጠጥቶ ማታ በእግሩ የሚሄድ ሰው ሜዳ ላይ ቢተኛ አደጋ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ የከሰል ምድጃ ነው። ሌሊቱ ሲከፋ በርና መስኮት ተዘግቶ፣ ቀዳዳው ሁሉ በጨርቅ ተወትፎ፣ ምድጃው ወደ መኝታ ቤት ይገባል። ከሰል ሲነድ የሚመርዝ አየር ይወጣዋል። ይህ አየር አይታይም፤ አይሸትም፤ አያስነጥስም። ሰውን ራሱን ያመዋል፤ ያዞረዋል፤ ያቅለሸልሸዋል። ተኝቶ ከሆነ ይህን ሁሉ ሳያውቅ ይሞታል። «ከሰሉ ጠቁሮ ሳለ ነው እንጂ ከፋመ በኋላ አይጎዳም» ሲሉ እንሰማለን። ይህ ስሕተት ነው። የፋመውም ይገድላል። የኩበት ፍምም ቢሆን ያው ነው። ውሃ በዕቃ አድርጎ አጠገቡ ማስቀመጥም መርዙን አይወስደውም።

በአንድ ቤት ውስጥ ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ ራሱን ካመመው ብርድ ነው አትበሉ። ቶሎ ወደ ደጅ ውጡ። ራሱን ስቶ የተገኘ ሰው ካለ ከሁሉ በፊት ወደ ንጹሕ አየር አውጡት፤ ከዚያ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት። የደጁ ብርድ እንዳይጎዳው ባና ጣል አድርጉበት።

እሳት መሞቅ የፈለገ ቤተሰብ ማታ በሩን ከፈት አድርጎ ይሙቅ። የመኝታ ሰዓት ሲደርስ ምድጃው ይውጣ። ፍሙን አመድ አልብሳችሁ ከገለባና ከእንጨት አርቃችሁ ደጅ ብታኖሩት አንዳንዱ ተዳፍኖ ያድራል፤ ጠዋት ለቡናው ይደርሳል።