ስለ ጥሬ የፍራፍሬ ማባያ አሠራርና ንጽሕና

የይፋት ቆላ በፍራፍሬ የታደለ አገር ነው። ከደብረ ሲና ቁልቁለቱን ወርዶ ሸዋ ሮቢት የደረሰ መንገደኛ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ቲማቲምና ቀይ ሽንኩርት በመንገድ ዳር ተደርድሮ ሲሸጥ ያያል። እሑድ ወደ ሰንበቴ ገበያ የወጣም ሰው ዘንቢሉን ሞልቶ ይመለሳል። ይሁን እንጂ በብዙ ቤት ማንጎ የልጆች መክሰስ እንጂ የማዕድ ምግብ ሆኖ አይቈጠርም። ስለዚህ በዚህ ወር ጽሑፋችን ፍሬውን ከእንጀራው ጋር የሚያገናኝ አንድ ማባያ እንዴት እንደሚሠራ፣ ይልቁንም ከበሽታ ተጠብቆ እንዴት እንደሚሠራ እንገልጻለን።

ይህ ማባያ በሜክሲኮ «ሳልሳ» ከሚባሉት አንዱ ነው። በእኛ አገር ሳልሳ ሲባል ወደ ሐሳብ የሚመጣው በቆርቆሮ ታሽጎ የሚሸጠው የቲማቲም ድልህ ነው። ቃሉ ግን በእስፓንኛም በጣሊያንኛም ስለ ማባያ ሁሉ የሚነገር ነው፤ ሥሩም «ጨው የገባበት» ከሚል የላቲን ቃል የወጣ ነው። ቲማቲም፣ ቃሪያና ፓፓያ የትውልድ አገራቸው አሜሪካ ሲሆን ማንጎ የመጣው ከደቡብ እስያ ነው። ዛሬ ሁሉም በቆላችን ስለሚበቅሉ ማባያው እንግዳ ምግብ ሊባል አይገባውም። ቲማቲምን በቃሪያና በሎሚ አሽታ የምታቀርብ የቤት እመቤት ግማሹን ሥራ አስቀድማ ታውቀዋለች።

ጥቅሙ

የበሰለ ማንጎና ፓፓያ ቢጫነታቸውን ያገኙት ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ ከሚለውጠው ቀለም ነው። ይህ ቫይታሚን የጐደለበት ሕፃን መሸት ሲል ማየት ይሳነዋል፤ ይኸውም ዳፍንት የምንለው ሕመም ነው። ጕድለቱ ከበረታ ዐይኑን ፈጽሞ ሊያጠፋው ይችላል፤ ኩፍኝና ተቅማጥም በቀላሉ ይጥሉታል። ሎሚ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ደግሞ ቫይታሚን ሲ አላቸው፤ እርሱም በእንጀራና በጥራጥሬ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዲቀበለው ይረዳል። ቫይታሚን ሲ በሙቀት የሚጠፋ ስለ ሆነ ጥሬውን መብላት ብልጫ አለው። ማባያው ሥጋም ቅቤም ስለማይገባበት ለጾም ቀን ይስማማል፤ በረመዳንም ለማፍጠሪያ ማዕድ ያገለግላል።

አደጋው

ወጥ የምትሠራ ሴት በእጇ ወይም በውሃው አንዳች ጀርም ቢገባ እሳቱ ያጠፋላታል። ይህን ማባያ ግን እሳት አይነካውም። ስለዚህ የእሳትን ሥራ ሦስት ነገሮች ተካፍለው ሊፈጽሙት ይገባል፤ እነርሱም ንጹሕ ውሃ፣ ንጹሕ እጅና የጊዜ ቍጥጥር ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል የአንጀት ተስቦ፣ አሜባ፣ የወስፋት እንቍላል ወይም ሌላ የተቅማጥ ጀርም ከጣፋጩ ፍሬ ጋር አብሮ ይበላል።

ይህ የድኻ አገር ሥጋት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. በአሜሪካ ከ1,400 በላይ ሰዎች ሳልሞኔላ በሚባለው ጀርም ታመሙ። በመጀመሪያ የተጠረጠረው ቲማቲም ነበር፤ ኋላ ግን ዋነኛው ምክንያት ለሳልሳ የሚገባው ጥሬ ቃሪያ ሆኖ ተገኘ። ያው ጀርም በሜክሲኮ በአንድ እርሻ ላይ በመስኖው ውሃ ውስጥ ተገኝቷል። በሮቢ ወንዝ ዳርም ሆነ በሌላ ስፍራ ከብት ከሚጠጣበትና ልብስ ከሚታጠብበት ውሃ አትክልቱን የሚያጠጣ ገበሬ፣ ከእርሱም የሚገዛ የከተማ ሰው፣ ከዚህ ሊማር ይገባዋል።

እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ከብራዚል ወደ አሜሪካ የተላከ ማንጎ በ13 ግዛቶች 78 ሰዎችን አሳመመ። ማንጎው የፍሬ ዝንብን ለማጥፋት በሙቅ ውሃ ከተነከረ በኋላ በቀዝቃዛ ውሃ ይነከር ነበር። የሞቀ ፍሬ በድንገት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው አየር ይኰማተራል፤ በዚያን ጊዜ በእንብርቱ በኩል ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ውሃው የቈሸሸ ከሆነ ጀርሙም አብሮ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ልጣጩን ማጠብ አይጠቅምም። በቆላችን ፀሐይ ግሎ ከገበያ የመጣ ማንጎና ቲማቲምም እንዲሁ ስለ ሆነ፣ ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ መንከር አይገባም።

አሠራሩ

ለ5 ሰው የሚበቃው መጠን ይህ ነው፦ በስለው ያልላሸቁ 2 ማንጎ፣ ግማሽ ትንሽ ፓፓያ፣ 2 ቲማቲም፣ 1 ቀይ ሽንኩርት፣ 1 ቃሪያ፣ ጥቂት የድንብላል ቅጠል፣ የ3 ሎሚ ጭማቂ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ቫይታሚን ኤ የሚሆነው ቀለም ያለ ቅባት በሚገባ ወደ ሰውነት ስለማይገባ ዘይቱ አይተው።

1ኛ፤ ፍሬው በጥላ ሥር ይቀመጥና ሙቀቱ ይብረድለት። የተሰነጠቀና የተበሳ ፍሬ ለዚህ ሥራ አይመረጥም።

2ኛ፤ የሚታጠብበት ውሃ የፈላና በተከደነ ዕቃ የቀዘቀዘ ይሁን። በሸዋ ሮቢት ውሃው ከተንፈቀፈቀ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃዋል፤ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ከፍተኛ ስፍራ ግን ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ 3 ደቂቃ ይቈይ። እንደ ውሃ አጋር ያለ የውሃ ማከሚያ የሚጠቀም ሰው በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ልክ ይከተል።

3ኛ፤ እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ቢላዋውና መክተፊያውም እንዲሁ። ጥሬ ሥጋ የተከተፈበት መክተፊያ ሳይታጠብ ለፍራፍሬ አይሁን።

4ኛ፤ ፍሬው ሳይላጥ በፊት ውሃ እየፈሰሰበት በእጅ እየታሸ ይታጠብ። «የሚላጥ ስለ ሆነ ማጠብ አያስፈልግም» የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ልጣጩን የሚቈርጠው ቢላዋ በልጣጩ ላይ ያለውን ይዞ ወደ ሥጋው ይገባል። ፍሬን በሳሙና ማጠብ ግን አይገባም።

5ኛ፤ ሁሉም በሽንብራ ፍሬ ልክ ይከተፍ። ጨውና ሎሚ ገብቶበት፣ ዘይቱ ታክሎበት፣ በንጹሕ ማንኪያ ይደባለቅ፤ ወዲያውም ይከደን። ቃሪያ የከተፈ ሰው እጁን ሳይታጠብ ዐይኑን ወይም ሕፃን አይንካ። ለትንንሽ ልጆች ያለ ቃሪያ ይዘጋጅ፤ 6 ወር ያልሞላው ሕፃን ግን ከእናቱ ጡት በቀር ምንም አይሰጠው።

ስለ ሎሚና ስለ ጊዜ

ሎሚ ማጣፈጫ ብቻ አይደለም። በጊኒ ቢሳው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በኮሌራ ወረርሽኝ ጊዜ የተደረገ ምርመራ በምግባቸው ላይ የሎሚ ጭማቂ የጨመሩ ሰዎች በበሽታው የተያዙት ባነሰ ቍጥር መሆኑን አሳይቷል፤ የኮሌራ ጀርም ኮምጣጣ ነገር አይችልምና። ነገር ግን ሎሚ የወስፋትን እንቍላል አይገድልም፤ ሌሎችንም ጀርሞች ሁሉ ያጠፋል ተብሎ አይታመንበትም። ስለዚህ ሎሚ የመታጠብ ረዳት እንጂ ምትክ ሊሆን አይችልም።

የመጨረሻው ጠባቂ ጊዜ ነው። አንዳንድ ጀርሞች በተስማማቸው ሙቀት በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናሉ። አንዱ በ1 ሰዓት ውስጥ 8፣ በ4 ሰዓት 4,096፣ በ7 ሰዓት ከ2 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። ሎሚው ይህን ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። እንግዲህ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በሚያልፍበት የቆላ ቀትር ማባያው ከተከተፈ በ1 ሰዓት ውስጥ ይበላ። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ለምሳ የሠራውን ለራት አያስቀምጥ፤ ለአንድ ማዕድ የሚበቃውን ብቻ ይክተፍ። ተርፎ የሚጣል አንድ ጭልፋ ማባያ ከአንድ ቀን የሕፃን ተቅማጥ እጅግ የረከሰ ነው።

ለመምህራን

ይህን ትምህርት በክፍል ውስጥ ለማሳየት ገንዘብ አያስፈልግም። መምህሩ የፓፓያ ልጣጭ ላይ ጥላሸት ይቀባና በተማሪዎቹ ፊት በንጹሕ ቢላዋ ለሁለት ይክፈለው። ጥቍሩ መስመር በቢጫው ሥጋ ውስጥ ተስቦ ይታያል። በዐይን የሚታየው ጥላሸት እንዲህ ከገባ በዐይን የማይታየው ጀርም እንዴት እንደሚገባ ተማሪው ራሱ ይፈርዳል፤ ማታም ለእናቱ ይነግራታል።

የቆላው ፍሬ ለልጆቻችን ዐይን ብርሃን የሚሆን ምግብ ነው። በሽታን ፈርተን ልንከለክላቸው አይገባም፤ አጥበን፣ በሎሚ አጣፍጠን፣ ትኵስነቱ ሳያልፍ እናቅርብላቸው።